ጀበናውን ሣልነው፤ ጀሪካኑስ?

የሽንብጥ ታፔላ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ቀን ቀን ታፔላ እጽፋለሁ፤ ማታና እሑድ ለራሴ እሥላለሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለቆየ እዚህ ላውጣው ብዬ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ሆቴል ግቡ፣ ካፌ ግቡ። ግድግዳው ላይ ጀበና አለ። ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል፣ ከሥሩ ቄጤማ፣ ከኋላው መሶብ። ጭሱ ራሱ የትም ብትሄዱ አንድ ዓይነት ነው። ጀበናው ግን ቡና ተፈልቶበት የሚያውቅ አይመስልም። አንገቱ ላይ የደረቀ ፍሳሽ የለም። አፉ አልተሸረፈም። ቂጡ ላይ ጥቀርሻ የለም። የእኛ ቤቱ ጀበና እኮ እጀታው ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፤ እንደዚያም ሆኖ በየቀኑ ይጣዳል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። መስኮታችን ሥር አንድ የዘይት ጀሪካን አለ። ቢጫ፣ ባለ 20 ሊትር። ዘይቱ ካለቀ በኋላ ውኃ መያዣ ሆኗል። ክዳኑ ጠፍቶ በቆረቆንዳ ነው የሚወተፈው። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ውኃው እስከ የት እንደደረሰ ከውጭ ይታያል። ከውኃው በላይ ያለው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ከውኃው በታች ያለው ጠቆር ብሎ ማር ይመስላል። ጥላውም ግራጫ አይደለም። ሲሚንቶው ላይ ቢጫ ብርሃን አብሮት ይወድቃል።

ሣልኩት። ያዩት ጓደኞቼ ሁሉ ሳቁ። «ውኃ ጠፋ እንዴ?» አለኝ አንዱ። እሺ፣ ጀበና ሥዕል የሚሆነው ጀሪካን የማይሆነው ለምንድነው?

አባይ ማዶ

ያንን ሥዕል ግድግዳ ላይ ከሰቀልከው ጎረቤት ባልዲ ይዞ ይሰለፍብሃል፤ ሃሃሃ። ቀልዱ ይቆየንና ፎቶውን ልቀቀው እስቲ።

የሽንብጥ ታፔላ

ሞክሬ ነበር። ስልኬ ቢጫውን አጋኖ የዘይት ማስታወቂያ አስመሰለብኝ። ደመና ሲሆን ደግሜ አነሳዋለሁ።

ፍሬም ቤት

ወንድሜ፣ የእኔ ሥራ ፍሬም ስለሆነ የገበያውን ልንገርህ። ጀበና ይሸጣል። ለሠርግ ስጦታ ይሸጣል፣ ለአዲስ ቤት ይሸጣል፣ ከውጭ ለመጣ ዘመድ ይሸጣል። ውጭ የሚኖር ሰው ጀበናውን የሚገዛው አገሩ ስለናፈቀው ነው። በዚህ ማንን ትወቅሳለህ? ጀሪካን የናፈቀው ሰው ግን እስካሁን ሱቄ አልመጣም። ቤቱ ሞልቶታላ!

ደግሞ ጀበና የሚሥሉትን አትናቃቸው። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ነው። አንተ ራስህ ታፔላ ስትጽፍ ደንበኛው የጠየቀህን ቀለም ነው የምትቀባው።

ያም ሆኖ ስለ ጥቀርሻው ያልከው ልክ ነው። ሱቄ የሚመጡት ጀበናዎች ሁሉ ከዕቃ መደብር አሁን የወጡ ይመስላሉ።

መምህር በጡረታ

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። የሽንብጡ ልጅ ያነሳኸው ነገር አሮጌ ጠብ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍላችኋለሁ።

በ1667 አንድሬ ፌሊቢያን የሚባል የፈረንሳይ ንጉሣዊ የሥዕል አካዳሚ ሰው ሥዕልን በማዕረግ ደረደረው። ከላይ ታሪክና ሃይማኖት። ቀጥሎ የሰው መልክ። ከዚያ እንስሳትና መልክዓ ምድር። ከታች ደግሞ ፍራፍሬ፣ አበባና ነፍስ የሌለው ዕቃ። እንዲህ ያለውን የዕቃ ሥዕል፣ ስቲል ላይፍ የሚሉትን፣ የሚሥል ሰው እንግዲህ የመጨረሻው ነው።

ዣን ሲሜዮን ሻርዳን የፓሪስ አናጺ ልጅ ነው። በ1699 ተወልዶ በ1779 ሞተ። አካዳሚው በ1728 ሲቀበለው ከታዩለት ሥዕሎች አንዱ ምን መሰላችሁ? ሆዱ ተቀድዶ መንጠቆ ላይ የተሰቀለ ዓሣ! ከሥሩ ድመት፣ ቢላዋና የኩሽና ዕቃ አለ። ጣና ዳር ያደገ ሰው በዚህ አይደነግጥም። ቀረሶ ሲበለት ያላየ፣ ድመቷ ስትጠባበቅ ያላየ ማን አለ?

እኔ የምወዳት ግን በ1760 አካባቢ የሣላትን አንዲት ትንሽ ሥዕል ነው። አሁን አሜሪካ፣ ፒትስበርግ፣ ካርኔጊ ሙዚየም ውስጥ ናት። ውኃ ያለበት ብርጭቆ፣ የጠቋቆረ የቡና ማንቆርቆሪያ፣ ጥቂት ራስ ነጭ ሽንኩርት። አለቀ። ማንቆርቆሪያው ብር አይደለም፤ ብዙ ያገለገለ የኩሽና ዕቃ ነው። ውኃው ብርጭቆው ውስጥ የሚያልቅበት መስመር ላይ ብርሃኑ ይሰበራል። አንተ ጀሪካኑ ላይ ያየኸውን ነው ሰውዬው የሣለው፤ ልጄ።

እኛም አዲስ አበባ፣ ዓለ ፈለገ ሰላም በ1957 በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስንገባ ፊታችን የተቀመጠው ማሰሮና የተጨማደደ ጨርቅ ነበር። ቶሎ ጨርሰን ሰው ለመሣል እንቁነጠነጥ ነበር። መምህሩ ግን ማሰሮውን ትንሽ ያዞርና «ደግማችሁ» ይለናል።

ስለ ሆቴሎቹ ጀበና የማስበው ይህን ነው። ያ ጀበና ከሌላ ሥዕል የተገለበጠ ነው። ሠዓሊው ፊት ጀበና አልተቀመጠም። ስለዚህ ፍሳሹም ስንጥቁም ከየት ይመጣል? የሽንብጡ ልጅ፣ ጀሪካን ስለሣልክ ብቻ አላደንቅህም። ፊትህ አስቀምጠህ በመሣልህ ግን አደንቅሃለሁ። በሽቦ የታሰረውን ጀበናህንም እንደዚያው ብትሥለው ከጀሪካኑ አያንስም።

የዘጌ ልጅ

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ልከራከርዎት።

ዕቃ መሣል ከፈረንጅ የመጣ አይምሰለን። እኔ ዘጌ ቡና ስለቅም ነው ያደግሁት። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግቡ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፤ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ። በላዔ ሰብእን ፈልጉት። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። 78 ሰው የበላው ሰው ለአንድ ለተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ይሰጣል። በመጨረሻም ሚዛን ይቀርባል። በአንዱ በኩል የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ውኃ። በእመቤታችን አማላጅነት ውኃዋ ትመዝናለች። ከውኃና ከሚዛን የበለጠ ተራ ነገር አለ? የታሪኩ ክብደት ሁሉ ግን እነሱ ላይ ነው።

እኔን የሚቸግረኝ እዚህ ጋ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ዕቃ ሥራ አለው። አንድ ነገር ያመጣል፣ አንድ ሰው ያድናል፣ ይፈርዳል። እናንተ የምትሉት ዓይነት ሥዕል ውስጥ ግን ዝም ብሎ ተጎልቷል። ታሪክ የሌለውን ጀሪካን ቆሜ የማየው ምን ሊሆነኝ ነው?

አባይ ማዶ

ይሄ ልጅ ደግሞ በእውነት ነው የመጣው።

የሽንብጥ ታፔላ

የዘጌ ልጅ፣ ጥያቄህ በልቤ ነው የገባው። ሙሉ መልስ የለኝም፤ ያየሁትን ልንገርህ።

ጀሪካን ስንሸከም የምናውቀው እጀታውን ብቻ ነው። ስናየውም ሞላ ወይስ ጎደለ ብለን ነው። ልሥለው ስቀመጥ ነው ቂጡን ያስተዋልኩት። አንደኛው ጥግ ብቻ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ሌሎቹ ጥጎች ደህና ናቸው። ቤታችን ከቦኖ ውኃ የሚያመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። አዋቂ ሰው ጀሪካኑን ብድግ አድርጎ ይሄዳል። እሱ ግን ስለሚከብደው በአንድ በኩል አዘንብሎ ይጎትተዋል። የተፋቀው ያ ነው። እኔ ሥዕሌ ውስጥ ልጅ አልሣልኩም፤ ያንን የተፋቀ ጥግ ግን በደንብ አድርጌ ሣልኩት።

ይሄ ታሪክ ነው አይደለም፣ አንተ ፍረድ።

የዘጌ ልጅ

ጥጉን ሳታስረዳኝ ባየው ይገባኝ ነበር ወይ? እሱ ላይ እጠራጠራለሁ። ግን እሺ፣ ማየት እፈልጋለሁ።

መምህር በጡረታ

ላይገባህ ይችላል። ሥዕል ሁሉን ነገር አይናገርም፤ ባይናገር ምናለበት?

የዘጌ ልጅ፣ ገዳም ካነሳህ አይቀር ስለ አንድ ስፔናዊ ልጨምርልህ። ሁዋን ሳንቼስ ኮታን ይባላል። በ1602 አካባቢ የድንጋይ መስኮት ክፈፍ ሣለ። ከላይ አንድ ፍሬና ጥቅል ጎመን በክር ተንጠልጥለዋል። ከታች የተቆረጠ ሜሎንና ኪያር ተቀምጠዋል። ኪያሩ ከመስኮቱ ጠርዝ ወደ እኛ አፈንግጦ ወጥቷል። ከኋላቸው ድቅድቅ ጨለማ ነው። በክር ማንጠልጠሉ የእሱ ፈጠራ አልነበረም፤ ፍሬ ቶሎ እንዳይበላሽ ሰው ቤቱ የሚያደርገው ነው። በ1603 ሰውዬው ከተማውን ትቶ በዝምታ የሚኖሩት የካርቱዚያን መነኮሳት ገዳም ገባ። ሥዕሉ ውስጥ መስቀል የለም፣ መልአክ የለም። ያንን ጎመን ሳይ ግን ድምፄን ዝቅ ማድረግ ያምረኛል።

ሌላው ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ ነው፤ ከ1890 እስከ 1964 የኖረ። ቦሎኛ ከተማ ከእህቶቹ ጋር በአንድ ቤት ኖረ። የሚተኛበት ክፍልና የሚሥልበት ክፍል አንድ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እነዚያኑ ጠርሙሶች፣ ጣሳዎችና ማሰሮዎች እያፈራረቀ ሣለ። እንዳያብረቀርቁበት ጠርሙሶቹን ራሳቸውን ቀለም ይቀባቸው ነበር። አቧራ ሲያርፍባቸውም አይጠርገውም። አንዷን ጣሳ በጣት ያህል ወደ ጎን ገፋ ያደርግና ሌላ ሥዕል ይጀምራል። ብዙ ሰው ይሰለቸዋል። እኔም ወጣት ሳለሁ መጽሐፉን ሁለት ገጽ ብቻ ገልጬ ነበር ያለፍኩት። አሁን ግን በሁለት ጠርሙሶች መካከል ያለችው ክፍተት ራሷ ታስቀምጠኛለች።

አባይ ማዶ

አቧራ የማይጠርግ ወንድ? መምህር፣ እኔንም አርቲስት ይበሉኝ! ባለቤቴ ግን ሌላ ስም ነው የምትሰጠኝ።

ፖሊ 4ኛ ዓመት

ብርሃን ስለተነሳ የእኔን ልጨምር። የሥዕል መማሪያ መጻሕፍት ሁሉ «ሰሜን መስኮት ፊት ተቀመጥ» ይላሉ። ለአውሮፓ ልክ ነው። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት፤ ከሰሜን የሚገባው ብርሃን ቶሎ አይለዋወጥም።

ባሕር ዳር ግን 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነን። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ግንቦትና ሰኔ ከሰሜን ምሥራቅ ወጥታ ከሰሜን ምዕራብ ትጠልቃለች። እና ሰሜን መስኮት ፊት ስኒ ደርድራችሁ ከተቀመጣችሁ ጠዋት ቀጥታ ትመታችኋለች። ከጥቅምት እስከ የካቲት ከሆነ ግን መጽሐፉ ለእኛም ይሠራል።

ሌላም አለ። ከተማችን ያለችው በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ነው። ሐይቅ ዳር ቤት ያለው ሰው ሰሜን መስኮቱ ወደ ጣና ነው የሚያየው። ግንቦት ጠዋት የውኃው ነጸብራቅ በመስኮቱ ገብቶ ጣሪያው ላይ ሲንቀጠቀጥ አይታችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ያለ ነጭ ስኒ ከመስኮቱም ከጣሪያውም ይበራል። ጥላው ሁለት ይሆናል። ለመሣል መከራ ነው፤ ግን ሌላ አገር ይህን የት ታገኙታላችሁ?

በበጋ ደግሞ ፍጠኑ። እዚህ ፀሐይ ሽቅብ ነው የምትወጣው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ጥላው ማጠሩ ነው።

የሽንብጥ ታፔላ

በጣም አመሰግናለሁ፤ ወንድሜ። የእኔ መስኮት ምሥራቅ ነው። ጀሪካኑን የምሥለው ቁርስ ሳይቀርብ ነው። ከዚያ በኋላ ያው ጀሪካን ነው።

ዝምተኛዋ

እዚህ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በውኃ ቀለም እሞክራለሁ። የእናቴ ነጭ የብረት ኩባያ አለ፤ ያ አፉ ዙሪያ ሰማያዊ መስመር ያለው። ቅቡ የተነሳበት ቦታ ጠቁሯል፣ ዳርዳሩ ዝጓል። በጣም ነው የሚያምረኝ። ግን ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ኩባያ እንዴት ይሣላል? የኔ ሁሉ ያልታጠበ ኩባያ ነው የሚመስለው።

ይበቃል በቃ

ሰው በስንት ችግር ውስጥ እያለ ስለ ኩባያ ታወራላችሁ። ሥራ የላችሁም?

ፍሬም ቤት

ወንድሜ፣ ማንም በግድ አላስነበበህም። የኔ እህት፣ አንቺ ቀጥይ።

መምህር በጡረታ

ልጄ፣ እንኳን ጻፍሽ። ነጭን በነጭ ለመሣል አትድከሚ። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ተይው። ከኩባያው ኋላ ያለውን ግድግዳ ጠቆር አድርጊና ኩባያው ራሱ ብቅ ይላል።

ቀጥሎ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪ። ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ብርሃኑና ጥላው ብቻ ይቀራሉ። ከመስኮቱ የራቀው ጎን ነጭ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይታይሻል። ወደ ሰማያዊ ያደላል። ወደ ጠረጴዛው የቀረበው ደግሞ የጠረጴዛውን ቀለም ይወስዳል። ያልታጠበ የሚመስልብሽ ጥላውን ሁሉ በአንድ ግራጫ ስለምትቀቢው ይመስለኛል። አንዱን ቦታ ቀዝቀዝ፣ ሌላውን ሞቅ አድርጊው። ቀለሙ ሳይደርቅም አትነካኪው፤ የውኃ ቀለምን የሚያቆሽሸው መነካካት ነው።

አፉን ከላይ ስታዪው ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው። ቂጡም ክብ ስለሆነ መጠምዘዝ አለበት፤ እንዲያውም ከዓይንሽ ይበልጥ ዝቅ ስለሚል ከአፉ ይበልጥ ይጠመዘዛል። ጀማሪ ሁሉ ቂጡን ቀጥ ባለ መስመር ይዘጋዋል። ኩባያው ከዚያ በኋላ አይቀመጥም።

የተነሳውን ቅብ መጨረሻ ላይ አድርጊው። መሐሉ ጥቁር፣ ዳሩ የዝገት ቀለም። ቅቡ ውፍረት አለውና በአንድ በኩል ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ መስመር ታገኛለሽ። እሷን ካልሣልሽ ቁስሉ ነጠብጣብ ይሆናል።

ፍሬም ቤት

ዝምተኛዋ፣ ክላራ ፔተርስን ፈልጊያት። በ1600ዎቹ መጀመሪያ የሠራች የፍላንደርስ ሴት ናት። አይብ፣ ዓሣ፣ ዳቦ፣ የብረት ዋንጫ ትሥል ነበር። የሚያብለጨልጨው ዋንጫ ላይ ጠጋ ብለሽ ካየሽ የራሷን ፊት ጥቃቅን አድርጋ ደጋግማ ሥላዋለች፤ ብሩሽ እንደያዘች ጭምር። ማድሪድ ያለው ፕራዶ ሙዚየም ለአንዲት ሴት ሠዓሊ ብቻዋን ኤግዚቢሽን ያዘጋጀው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2016 ነው፤ ለእሷ። ከሞተች ከስንት ዘመን በኋላ!

እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ የፔርሙሳችንን ክዳን ሳጥብ ፊቴን ሳላይ አላልፍም።

የሽንብጥ ታፔላ

እኔም ከታፔላ ሥራ አንድ ላዋጣ። ጀበና የምትሥሉ ሰዎች፣ ጥቁሩን ቀለም ከቱቦው እንዳለ አትጠቀሙ፤ ሥዕሉ ላይ ቀዳዳ ይሆንባችኋል። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር የሚባለውን ቡናማ ቀላቅሉ። ሰማያዊው ሲበዛ መስኮቱን ያየው ጎን ይሆናል፣ ቡናማው ሲበዛ እሳቱን ያየው ጎን። እውነተኛ ጀበናም እኮ አንድ ዓይነት ጥቁር አይደለም። ሆዱ ከመዳሰስ ብዛት ይወለውላል፤ ቂጡ ከጥቀርሻ ብዛት ብርሃን አይመልስም።

የዘጌ ልጅ

እኔ አሁንም አልተረታሁም። ግን ዛሬ ጀልባ ስጠብቅ ዳር ላይ የቆመች የደንገል ታንኳ አየሁ። ታንኳ ውኃ ስለምትመጥ ከሐይቅ ስትወጣ እንድትደርቅ ትቆማለች። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳት ውኃ ላይ ስትሆን ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ፔሊካን አጠገቧ ሲኖር። ቆማ ስትደርቅ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ከሥሯ ውኃ ይንጠባጠባል፣ አፈሩ እሷ የቆመችበት ቦታ ብቻ ጠቁሯል፣ ማሰሪያው አንድ ቦታ ላልቷል። ጀልባው ባይመጣ ኖሮ ትንሽ አያት ነበር።

መምህር፣ ይህ ይቆጠርልኛል?

መምህር በጡረታ

ይቆጠርልሃል። ግን ማሰሪያው የላላው በየት በኩል ነበር?

የዘጌ ልጅ

ወደ አፍንጫዋ። በግራ በኩል... መሰለኝ።

መምህር በጡረታ

«መሰለኝ» ካልክ ነገ ሂድና እያት።

የሽንብጥ ታፔላ

ሃሃ፣ ያዙህ! ፍሬም ቤት፣ ጀሪካኑን ላመጣልሽ ነው። አቡጀዲ ላይ ነው የተሣለው፤ የግድግዳ ነጭ ቀለም ቀብቼ። መስታወት ያስፈልገዋል?

ፍሬም ቤት

መስታወት አያስፈልገውም፤ ብርሃን እየመለሰ ሥዕሉን ይጋርደዋል። መስታወት ለዝምተኛዋ የውኃ ቀለም ነው። ቁመቱንና ወርዱን በሴንቲ ሜትር ላክልኝ። ቀጭን ጥቁር እንጨት አለኝ፣ ያ ወርቃማው ለጀሪካን አይሆንም። ደግሞ ለሳምንት መስኮት ላይ አቆየዋለሁ፤ የሚጠይቅ ሰው ካለ እናያለን።

መምህር በጡረታ

የዘይት ቀለም ከሆነ ቫርኒሽ ለመቀባት እንዳትቸኩል። ቢያንስ 6 ወር ይድረቅ።

የሽንብጥ ታፔላ

አክሪሊክ ነው፤ መምህር። በዚህ በጋ ብሩሹ ላይ እያለ ነው የሚደርቀው። ፍሬም ቤት፣ እሑድ ብመጣ ትኖሪያለሽ?

ፍሬም ቤት

እሑድ ዝግ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ና።